ዝሆን የሌለበት ሰርከስ ልጆቹን ያሰለቻቸዋል?

ጥያቄ፦ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ለዓመቱ መዝጊያ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 የሆኑ 70 ልጆችን ሰርከስ ልናሳይ አስበናል። ሁለት ምርጫ ቀርቦልናል። አንዱ ከአገር አገር የሚዞር ትልቅ ሰርከስ ነው፤ ሁለት ዝሆኖች፣ አንበሶችና ብስክሌት የሚነዳ ቺምፓንዚ አሉት። ሲያበቃም ዝሆን ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሣት ይቻላል ብለውናል። ሌላው እንስሳ የሌለው የአክሮባት ቡድን ሲሆን አዳራሻችን ድረስ መጥቶ ያሳያል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። አንድ የኮሚቴ አባል ግን «ያለ እንስሳ ሰርከስ አይባልም፣ ልጆቹ ይሰለቻሉ» ይላሉ። ሌላዋ ደግሞ «እንስሶቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ሌላ ኑሮ አያውቁም» ትላለች። ምን ልመልስላቸው? የአዳራሻችን ጣሪያ 5 ሜትር ከፍታ አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ይበቃል?
አንዲት እናት

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሁለተኛውን ይምረጡ። ይሁንና የሚሰለቹ ልጆች ነገር ከንቱ ስጋት እንዳይመስልዎት። እንስሳ የሌለው ትርኢት አሰልቺ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የዝሆኑ አለመኖር ሳይሆን የአቀማመጡ፣ የጣሪያውና የፕሮግራሙ ርዝመት ነው። ስለዚህ ከመልሳችን ግማሹ ስለ አዳራሽዎ ይሆናል።

መጀመሪያ «ያለ እንስሳ ሰርከስ አይባልም» ያሉትን ሰው እንመልስ። አባባላቸው ግማሽ እውነት አለው። ዛሬ የምናውቀው ክብ መድረክ የተወለደው ከፈረስ ጋር ነው። ፊሊፕ አስትሊ የተባለ የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር እ.ኤ.አ. በ1768 ለንደን ውስጥ ፈረስ በክብ እያስጋለበ ጀርባው ላይ ቆሞ ማሳየት ጀመረ። የክቡ ስፋት በኋላ 13 ሜትር ገደማ ላይ የረጋውም ለዚሁ ነው፤ በዚያ ስፋት ሲጋለብ ጋላቢው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ሰውነቱን ወደ ውስጥ አዘንብሎ ሚዛኑን ሊጠብቅ ይችላል። ታዲያ አስትሊ ብዙም ሳይቆይ በፈረሶቹ ትርኢት መካከል ሕዝቡን የሚይዙለት የገመድ ላይ ተራማጆች፣ አክሮባቶችና ቀልደኞች አስገባ። እነዚህ ደግሞ ከክቡ በብዙ ሺህ ዓመታት ይቀድማሉ። ግብፅ ውስጥ ቤኒ ሐሰን በሚባለው ቦታ ባለ መቃብር ግድግዳ ላይ ኳስ እያጓኑ የሚጫወቱ ሴቶች ተሥለዋል፤ ሥዕሉ ወደ 4,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። አንበሳና ዝሆን በሰርከስ የተለመዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዕድሜ ከሆነማ እንግዳዎቹ እነሱ ናቸው።

የገበያው ታሪክ ግን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይህንንም ለኮሚቴው በሐቅ መንገሩ ይሻላል። በአሜሪካ ስመ ጥሩ የነበረው ሪንግሊንግ ብራዘርስ ዝሆኖቹን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ጡረታ ሲያወጣ የትኬት ሽያጩ ይበልጥ አሽቆለቆለ፤ በዓመቱም ከ146 ዓመት በኋላ ተዘጋ። ዝሆን ለማየት ይመጣ የነበረው ተመልካች ዝሆኑ ብቻ ተነሥቶ ሌላው እንዳለ ሲቀርብለት ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲመለስ ግን ምንም እንስሳ ሳይዝ፣ ትርኢቱን ከሥሩ እንደ አዲስ አደራጅቶ ነበር። በካናዳ ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው ሰርክ ዱ ሶሌይ በበኩሉ ዓለምን ያዳረሰው በሰው ጥበብ፣ በሙዚቃና በአልባሳት ነው። የጀርመኑ ሮንካሊ የዱር እንስሳትን እ.ኤ.አ. በ1991 ተወ፤ ከ2018 ጀምሮም ዝሆንና ፈረስን ዙሪያውን በተተከሉ ፕሮጀክተሮች በብርሃን እየሠራ አቅርቧል። ይህን ስንል እናንተ ፕሮጀክተር ተከራዩ ማለታችን አይደለም፤ ለ70 ልጆች አንድ ጎበዝ ክላውን (የሰርከስ ቀልደኛ) ይበልጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ አባል እንምጣ። «እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው» የሚለው ክርክር ሰው የሚያምነው መላመድንና ለማዳነትን ስለሚያምታታ ነው። ውሻና ፈረስ ለማዳ የሆኑት በብዙ ሺህ ዓመታት፣ ሰው የሚስማማውን እየመረጠ ትውልድ በትውልድ ስላራባቸው ነው። ዝሆን ወይም አንበሳ በረት ውስጥ ተወለደ ማለት ተፈጥሮው ተለወጠ ማለት አይደለም። ዝሆን በተፈጥሮው ከሃያ አራቱ ሰዓት 16 ያህሉን የሚያሳልፈው መኖ እየፈለገና እየበላ፣ እየተራመደ ነው። እናት 22 ወር ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ ሴት ልጆቿም ዕድሜ ልካቸውን ከእናትና ከአክስት ጋር ይኖራሉ። በሚዞር ሰርከስ ውስጥ ይህ ሊሟላ አይችልም። አሰልጣኙ ደግ ቢሆንም እንኳ አይችልም። ጭነት መኪና ላይ ነው፤ ሲወርድ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ከተማ። ትርኢቱ የሚወስደው አሥር ደቂቃ ነው፤ ቀሪው 23 ሰዓት ከ50 ደቂቃ እንዴት እንደሚያልፍ ነው መጠየቅ ያለበት።

አሰልጣኙ የሚይዘውን አጭር ዘንግ አይተው ይሆናል። ጫፉ ላይ ሜንጦ አለው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ከአገጭ ሥርና ከእግር ኋላ ቆዳው ስስ የሆነበትን ቦታ እየፈለገ የሚነካ ነው። በመድረክ ላይ አይመታበትም፤ መምታት አያስፈልገውም። ዝሆኑ ዘንጉ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ስለተማረ ማየቱ ይበቃዋል። «ሲመታው አላየሁም» የሚል ተመልካች እውነቱን ነው፤ ድብደባው ግን ኖረም አልኖረም ከመጋረጃው ፊት የሚፈጸም አይደለም።

ልጆቹ ይህን ሁሉ አያዩም፤ የሚያዩትንም በተገላቢጦሽ ነው የሚረዱት። ዝሆኑ ቆሞ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ «እየጨፈረ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለው ያለ ዓላማ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ታስረው ወይም ጠባብ ቦታ በቆዩ እንስሳት ላይ የሚታይ የጭንቀት ምልክት ነው። ቺምፓንዚው ጥርሱን ገልጦ ሲያሳይ «ሳቀ» ይሉታል። ቺምፓንዚ ከላይም ከታችም ጥርሱን አፍጥጦ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ሲፈራ ነው። አንበሳው መዳፉን አንሥቶ ሲያገሳ «ሊበላው ነበር፣ ሰውየው ግን አሸነፈው» ይላሉ። የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ተመራማሪ ሃይኒ ሄዲገር ይህን ሲያስረዳ፣ እያንዳንዱ እንስሳ ሰው ሲቀርበው የሚሸሽበት ርቀት እንዳለው፣ መሸሻ ካጣ ደግሞ የሚያጠቃበት ሌላ አጭር ርቀት እንዳለው ጽፏል። አሰልጣኙ በዚያ ድንበር ላይ አንድ እርምጃ ገባ፣ አንድ እርምጃ ወጣ እያለ ነው አንበሳውን የሚያስነሣውና የሚያስቀምጠው። ልጆቹ ጀግንነት ብለው የሚያጨበጭቡለት ነገር ማምለጫ ያጣ እንስሳ ነው። ከትምህርት ቤት ጉዞ ልጅ ይዞት እንዲመለስ የምንፈልገው ዕውቀት ይህ አይመስለንም።

ዝሆን ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሣት የተባለውን ደግሞ፣ በሌላው ሁሉ ብትስማሙ እንኳ፣ አይቀበሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1994 በሆኖሉሉ ታይክ የተባለች ዝሆን በትርኢት መካከል አሰልጣኟን ገድላ ወደ ጎዳና ወጣች፤ ፖሊሶች ከ80 በላይ ጥይት ተኩሰው ነው የገደሏት። በዝሆንና በፊተኛው ረድፍ መካከል ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚያም ሌላ ዝሆኖች በሰው ሳንባ ነቀርሳ እንደሚያዙና መልሰው ለጠባቂዎቻቸው እንዳስተላለፉ በሕክምና ተመዝግቧል።

እንግዲህ ሁለተኛው ቡድን «እንስሳ የለንም» ብሏል፤ ይህንንም ቢሆን አረጋግጡ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት «የዱር እንስሳ አላችሁ?» በሚል አይደለም። «በመድረክ ላይ፣ በመግቢያው፣ በዕረፍት ሰዓት ወይም ለፎቶ የሚቀርብ ማንኛውም ሕይወት ያለው እንስሳ አለ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መድረኩ ላይ አክሮባት ብቻ ሆኖ በሩ ላይ ዘንዶ አንገት ላይ ጥሎ ፎቶ የሚያነሣ ሰው መገኘቱ የታወቀ ዘዴ ነው። «የዱር» የሚለው ቃልም እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚዞሩ ሰርከሶች የዱር እንስሳት እንዳይታዩ ስትከለክል፣ ፈቃድ ካላቸው ሰርከሶች ዘንድ የቀሩት እንስሳት 19 ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ግመልና አንድ ዜቡ፣ ማለትም ሻኛ ያለው የከብት ዓይነት፣ ይገኙበታል። በሌላ አገር ግመል የቤት እንስሳ ነው። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ሕግ የቤት እንስሳትንም ጭምር ስለሚያካትት ይህ ክርክር እዚያ አይነሣም።

ማስታወቂያ አይመኑ። ፖስተሩ ላይ ትራፒዝ (አክሮባቶች አየር ላይ የሚሠሩበት ዥዋዥዌ) ብቻ ተሥሎ ውስጥ ፈረስና ጦጣ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ቡድን ሕግ በሚከለክልበት አገር እንስሳቱን ትቶ፣ በማይከለክልበት ይዞ ይዞራል። ቡድኑ ራሱ ያዘጋጀውን ሳይሆን ተመልካች በስልክ የቀረጸውን፣ ያለፉት ሁለት ሦስት ወራት ቪዲዮ ፈልጉ። «ልዩ እንግዶች»፣ «ትምህርታዊ ትዕይንት»፣ «ከሞት ያተረፍናቸው» የሚሉ ቃላት ሲያጋጥሟችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። እንስሳን በእርግጥ የሚታደግ ማቆያ አያስጋልብም፣ አያስጨፍርም፣ አያራባም።

ውሻ ወይም ርግብ የሚያሳይ ቡድን ቢሆንስ? እዚህ ላይ ፍርዳችን እንደ ዝሆኑ የጠነከረ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር መሥራት ሊወድ ይችላል። ጅራቱ ላላ ብሎ ከሄደ፣ ስህተት ሲሠራ ጆሮውን ካልጣለ፣ አልሠራም ሲል ከተተወ ችግር የለውም። ልብስ ለብሶ በኋላ እግሩ ብቻ መድረኩን የሚዞር ውሻ ካያችሁ ግን ሌላ ቡድን ፈልጉ።

ወደ አዳራሽዎ እንግባ። 5 ሜትር ለብዙ ነገር ይበቃል፤ ለሁሉም ግን አይበቃም። መጀመሪያ የሚለካው ከወለል እስከ ጣሪያ ሳይሆን ከወለል እስከ ዝቅተኛው ነገር ነው፤ አምፖል፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣ የብረት ማገር። ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሲቆም ቁመቱ 3.2 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ በደንብ ያስኬዳል። ሦስት ሰው ሲደራረብ ግን የላይኛው ራስ 4.6 ሜትር ላይ ነው፤ እጁን ዘርግቶ ሰላምታ ሲሰጥ ጣሪያውን ይነካል። ስለዚህ ባለ ሦስት ፎቁን ቁመት ይከልክሉ። ወደ ጎን የሚዘረጋ የሰው ፒራሚድ ይተካዋል፤ ለልጅ ዓይንም ያው ያስደንቃል። ጀግሊንግ፣ ማለትም ዕቃ እያጓኑ መጫወት፣ በአምስት ኳስም ሆነ በዱላ በዚህ ከፍታ ይሄዳል። ብርሃኑን ግን ያስቡበት። ጀግለሩ ወደ ላይ ስለሚያይ ከአናቱ በላይ የበራ ኃይለኛ መብራት ወይም ፊት ለፊቱ ያለ መስኮት ያሳውረዋል፤ ኳስ ሲወድቅ የሚወቀሰው እሱ ነው፣ ጥፋተኛው ግን መጋረጃ ያልተጋረደው መስኮት ነው። መብራት ከሁለቱ ጎን ሰያፍ ይምጣ።

በጨርቅ ላይ የሚወጣ የአየር ትርኢትና ትራፒዝ በዚህ አዳራሽ አይሁን። ከፍታው ጠባብ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ግን ማሰሪያው ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተጠቅልሎ ድንገት ሲወርድ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። በሙያው የተለመደው ማሰሪያው የሠሪውን ክብደት ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲሸከም ነው፤ ለ60 ኪሎ 600 ኪሎ ማለት ነው። ቆርቆሮ ለመሸከም የተሠራ የጣሪያ ብረት ይህን ይችል እንደሆነ የሚነግርዎ መሐንዲስ እንጂ የቡድኑ መሪ አይደለም። «ብዙ ቦታ ሰቅለናል» መልስ አይደለም።

ሴራሚክ ወለል ላብ ሲያርፍበት ያንሸራትታል። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌትና ክላውን ያለ ምንም ችግር ይሠሩበታል፤ ግልብጥና ሰው ላይ መውጣት ግን ምንጣፍ ይፈልጋል። 8 በ8 ሜትር የሆነ ቦታ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጅምናስቲክ ምንጣፍ ይሸፈን። በምንጣፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው ቁርጭምጭሚት የሚሰብረው፤ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ከላይ በሰፊ ፕላስተር ይያዙ። ከከፍታ ለሚወርድ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ፍራሽ ለብቻው ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ቆሞ ለመዝለል ግን አይሆንም፤ እግርን ይውጣል።

እሳት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይፈቀድ። በግቢው ውስጥ ከሆነ ልጆቹ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቁ፤ ሠሪው ናይለን ያለበት ልብስ አይልበስ፤ የሚነድደው ነጭ ጋዝ እንጂ ቤንዚን አይሁን። እርጥብ ጥጥ ፎጣ ይዞ የቆመ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰውም ይኑር።

አሁን ወደ መሰልቸቱ። ልጆቹን በአዳራሹ ርዝመት በአሥር ረድፍ ከደረደሯቸው የኋላዎቹ የሚያዩት የፊተኞቹን ጭንቅላት ነው፤ ያኔ ዝሆን ቢመጣም ያው ነው። ግማሽ ክብ አድርገው በሦስት ረድፍ ያስቀምጧቸው። ትንንሾቹ ፊት፣ ወለል ላይ በምንጣፍ ይቀመጡ፤ መካከለኞቹ በአግዳሚ ወንበር፤ ትልልቆቹ በወንበር። የፊተኛው ረድፍ ከመድረኩ ጠርዝ 3 ሜትር ይራቅ፤ ያመለጠ ዱላ የሚያርፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ትርኢቱ ያለ ዕረፍት ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይሁን፤ ዕረፍት ለ6 ዓመት ልጅ ቤት መሄጃ ሰዓት ነው። አንዱ ትዕይንት ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ካለፈ የትንንሾቹ ዓይን ይበተናል። ምንጣፍና ዕቃ በሚለዋወጥበት ጊዜ መድረኩ ባዶ እንዳይሆን ክላውኑ ይሙላው። አንድ ክላውን ብቻ ካላቸው እሱ ሌላ ትዕይንት ውስጥ አለመኖሩን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይዘነጉታል። እንስሳ የለም ማለት የሚጎዳ የለም ማለት አይደለም። ቡድኑ ውስጥ ሕፃናት ካሉ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ይማራሉ? ልምምዳቸው በትምህርት ሰዓት ነው? ወላጅ ፈርሟል? ከጉዳት በኋላ የሚያሳክማቸው ማነው? ሰውነት የመጠማዘዝ ትርኢት የምትሠራ ልጅ በልምምድ ጊዜ አሰልጣኝ በክብደቱ የሚጫናት ከሆነ፣ ዝሆኑን ትተን ለእሷ ልናጨበጭብ አይገባም። ልጅ ከፍታ ላይ የምትወጣ ከሆነ ከወገቧ የታሰረ የደህንነት ገመድና ገመዱን የያዘ ሰው መኖር አለበት። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ ቡድን ካጋጠማችሁ ተዉት።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ውስጥ ማንኛውም ሕይወት ያለው እንስሳ እንደማይቀርብ፣ እሳት በአዳራሹ እንደማይኖር፣ የትዕይንቶቹ ዝርዝር ያለ ኮሚቴው ፈቃድ እንደማይለወጥና ይህ ቢፈርስ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይስፈር። ለዝግጅት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀድመው ይግቡ፤ አዳራሹ በዚያን ሰዓት ለሌላ ክፍል ተፈቅዶ እንዳይገኝ።

ልጆቹ «ዝሆኑስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የሚያስፈራ ቪዲዮ አታሳዩዋቸው። ዝሆን ቀኑን ሙሉ እየሄደ መብላት እንደሚወድ፣ በመኪና እየዞረ ግን ያን ማድረግ እንደማይችል መንገር ለ6 ዓመት ልጅ በቂ ነው።

ዝሆን ላይ ተቀምጦ ፎቶ ለመነሣት ላሰባችሁት ደግሞ ምትክ አለ። ቡድኑ ከትርኢቱ በኋላ 40 ደቂቃ ቆይቶ ልጆቹን እንዲያስተምር በውሉ ውስጥ አስገቡ። በኳስ አይጀምሩ፤ ኳስ ቶሎ ይወድቃል፣ ልጅም ቶሎ ይተዋል። ሳሳ ያለ ሻሽ ግን በአየር ላይ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ የ6 ዓመት ልጅም ይደርስበታል። መጀመሪያ በአንድ፣ ቀጥሎ በሁለት ሻሽ በየተራ መወርወር፣ ሦስተኛው የሚጨመረው ሁለቱ ሳይጋጩ ሲሄዱ ነው። 70ውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን 14፣ 14 አድርጋችሁ በአምስት ምድብ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ 8 ደቂቃ ስጡ። 42 ሻሽ ይበቃችኋል።